አሮጌ ቤት ስንገዛ የማን ሐቅ አለብን?



ቤት መግዛት ለአንድ ቤተሰብ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ የሚገጥመው ጉዳይ ነው። የዓመታት ቁጠባ፣ ከዘመድ የተገኘ ብድር፣ አንዳንዴም በዐረብ አገር ለፍታ የምትኖር ልጅ የላከችው ገንዘብ ተጨማምሮበት ነው የሚገዛው። ስለዚህ ገዢ ቢጠነቀቅ፣ ደጋግሞ ቢያይና ቢያጣራ አይወቀስም። ገንዘብ የአላህ አደራ ነውና። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ግን ከጥንቃቄው ጎን ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ጥያቄ ነው። ገዢው የሚያውቀውን፣ ሻጩ ግን የማያውቀውን ነገር ገዢው መናገር አለበት ወይ?

እስቲ ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች በአንዱ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ ቤት ለሽያጭ ቀረበ እንበል። ቤቱ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ጭድ ከተቦካበት ጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ደላላው "ቤቱ ገና አሁን የታደሰ ነው" እያለ ይዟችሁ ገባ። ቤት የሚያውቅ ሰው ቀለሙን አይቶ አይረካም። ጎንበስ ብሎ ግድግዳው ከመሬት የሚገናኝበትን ያያል፤ እርጥበት የሚጀምረው ከዚያ ነውና። እንጨቱን መታ መታ ያደርጋል፤ ምስጥ የበላው እንጨት ድምፁ ያስታውቃል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ምልክት ካየ ጣሪያው እንደሚያፈስ ይጠረጥራል። በሩ አልዘጋ ካለ መሠረቱ ወይም ምሰሶው ዘንበል ብሎ እንደሆነ ይጠይቃል። ቢቻለውም በበጋ ያየውን ቤት ዝናብ ሲጥል ተመልሶ ያየዋል። ከዚያም ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳ ወይም እገዳ አለበት ወይ? አጥሩና መጸዳጃ ቤቱ የግል ነው ወይስ የጋራ?

ሻጩም በበኩሉ የሚያውቀውን ጉድለት መናገር ግዴታው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ከተው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ፣ ባለ እህሉም ዝናብ መትቶት መሆኑን ሲነግራቸው ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ እንደገሠጹት ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ለመሆኑ በበሰበሰ ግድግዳ ላይ ለሽያጭ ሲባል ትናንት የተቀባ ቀለም ከዚያ እህል በምን ይለያል?

እዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። እንዲህ በቀላሉ የምንስማማው ግን ራሳችንን በገዢው ቦታ አድርገን ስለምናስብ ይመስለኛል። አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው።

ሻጭዋ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ናቸው እንበል። ዕዳ አለባቸው፤ ዕዳውም ጊዜ አይሰጥም። ዋጋ የጠየቁት ከብዙ ዓመታት በፊት ቤቱን የሸጠ አንድ ጎረቤታቸውን ነው። "ይቺን ጭቃ ደግሞ ማን ይገዛታል" እያሉ እንግዳ ባስገቡ ቁጥር ይሸማቀቃሉ። እናንተ ግን ሰፈሩን አጣርታችኋል። ከጀርባ ያለው ተመሳሳይ ቤት ባለፈው ወር በስንት እንደተሸጠ ታውቃላችሁ። እኚህ እናት የጠየቁት የዚያን ግማሽ ነው።

በአገራችን ሕግ መሬት አይሸጥም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ በውሉ ላይ የሚሰፍረው ቤቱ ነው። ይሁን እንጂ የነባር ሰፈር ቤት ዋጋ የጭቃውና የቆርቆሮው ዋጋ ብቻ አለመሆኑን ማን ያጣዋል? አዛን ከቤት ይሰማል። ገበያው በእግር ይደረሳል። ልጆች የሚቀሩበት መድረሳ ቅርብ ነው። ሰው ቢሞት ድንኳን የሚተክል ዕድር አለ። ይህንን ያቆዩት እኚህ እናትና እንደሳቸው ያሉ ነዋሪዎች ናቸው። ገዢው ግን በግድግዳው ስንጥቅ ላይ ጣቱን ቀስሮ "ይህ እኮ ፍርስራሽ ነው" ይላል። ያለው እውነት ነው። ነገር ግን ግድግዳውን ሊኖርበት አልመጣም፤ አፍርሶ ሊሠራው ነው። ሊያፈርሰው ባሰበው ግድግዳ ምስጥ ዋጋ ያስቀንሳል!

አንዳንዱ እንዲህ ይል ይሆናል፤ "ንግድ ነው። አልዋሸሁም፣ አላስገደድኩም። የጠየቁትን ከፈልኩ። የገዛ ቤታቸውን ዋጋ ማወቅ የሳቸው ፋንታ ነው።" ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ሽያጭ በፈቃድ ይጸናል። መከራከርም ሐላል ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከጃቢር (ረ.ዐ.) ጋር በግመል ዋጋ ተከራክረዋል። ሆኖም በመጨረሻ ዋጋውን ከፍለው ግመሉንም መለሱለት። በሌላ በኩል፣ ከገጠር ዕቃ ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። ዑለማዎች ለዚህ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ መንገደኛው የገበያውን ዋጋ ስለማያውቅ መጎዳቱ ነው። ታዲያ ቤታቸው ተቀምጠው ገበያው ጥሏቸው የሄደ እናትስ ከዚያ መንገደኛ በምን ይለያሉ?

ጀሪር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ኪዳን ሲገቡ ለእያንዳንዱ ሙስሊም ቅን አሳቢ ለመሆን፣ ማለትም ለነሲሓ፣ ቃል ገብተው ነበር። ጦበራኒ በዘገቡት ታሪክ አገልጋያቸው አንድ ፈረስ በ300 ዲርሃም ተስማምቶ ከሻጩ ጋር ይመጣል። ጀሪር ፈረሱን ካዩ በኋላ ዋጋው ከዚህ እንደሚበልጥ ለባለቤቱ ነገሩት። ዋጋውንም ራሳቸው ከፍ እያደረጉ 800 አድርሰው ገዙት። ልብ በሉ! ሻጩ ቅር አላለውም፤ በ300ው ተስማምቶ ነበር። ጀሪር ግን የገቡት ቃል በሻጩ አለማወቅ ለመጠቀም አላስቻላቸውም።

ሁላችንም ጀሪር እንሁን ብንል አቅማችንን አናውቅም ማለት ነው። የዋጋውን እጥፍ ክፈሉ ማለቴም አይደለም። ምናልባት እጥፉ ከእጃችሁ የለ ይሆናል። ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ቃል አለ። "እናቴ፣ ከመፈረምዎ በፊት ሌላ ሁለት ሰው ዋጋ ይጠይቁ" የሚል ነው። ይህን ያለ ሰው ቤቱ ሊያመልጠው ይችላል። ጭንቁም ይኸው ነው። ስናወራ ሁላችንም ቅኖች ነን፤ ቅንነታችን የሚፈተነው ቤቱን ሊያሳጣን ሲደርስ ነው። "ልጄ፣ ስንት ያወጣል ትላለህ?" ብለው ከጠየቁ ደግሞ ነገሩ ከበጎ ፈቃድ አልፏል። አውቆ አሳንሶ መናገር ውሸት ነው።

ሌላም ባለሐቅ አለ። ሟቹ ልጆች ትተዋል። ሴቶች ልጆችስ ድርሻቸውን ያውቃሉ? አንዷ ባሏ ጋ ሌላ ከተማ፣ አንዷ ውጭ አገር ብትሆንስ? ብዙ ገዢ የወራሽነት ማስረጃ የሚጠይቀው ነገ እንዳይከሰስ ፈርቶ ነው። ሙእሚን ግን ከዚህ በላይ ይጠይቅ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ ለሴት ልጅ የደነገገውን ድርሻ ወንድሟ አድበስብሶ ቢሸጠውና እኛ እያወቅን ብንገዛው፣ በዚያ ቤት የምንሰግድበት ክፍል የማን ነው?

ጎረቤትም አለ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጻ የወጡ አገልጋይ የነበሩት አቡ ራፊዕ (ረ.ዐ.) በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ግቢ ውስጥ የነበሯቸውን ሁለት ቤቶች እንዲገዟቸው ሰዕድን ጠየቁ። ሰዕድም በየጊዜው ተከፍሎ ከሚያልቅ 4 ሺህ በላይ አልሰጥም አሉ። አቡ ራፊዕ ሌላ ሰው 500 ዲናር፣ ያውም በእጅ፣ ሰጥቷቸው ነበር። ሆኖም ጎረቤት በቅርበቱ የተሻለ መብት እንዳለው ከነቢዩ ሰምተው ስለነበር በአነስተኛው ለሰዕድ ሸጡ። ታሪኩን ቡኻሪ ዘግበውታል። የቅድሚያ መግዛት መብት፣ ሹፍዓ፣ ለጎረቤት ነው ወይስ ለሸሪክ ብቻ በሚለው ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ሐነፊዮች ለጎረቤትም ይሰጣሉ። ፍርዱ ምንም ይሁን፣ በአንድ አጥር ለኖረ ሰው "ቤቱ ሊሸጥ ነው፣ ትፈልገዋለህ ወይ?" ማለት ማንን ይጎዳል? ለገዢውም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ከዚህ ይጀምራል።

በመጨረሻም ነባር ሰፈር ነገ ምን እንደሚሆን ማሰብ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና አካባቢው ብዙ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ አይተናል። ሰፈሩ ለልማት መታሰቡን የሰማ ሻጭ ዝም ብሎ ቢሸጥ ግድግዳውን ቀለም ከቀባው ምን ይለየዋል? ካሳ እንደሚመጣ የሰማ ገዢ ዝም ብሎ ቢገዛስ? የሁለቱም ዝምታ አንድ ነው።

ውድ አንባቢያን! ቤት ልታዩ ስትሄዱ ግንበኛም፣ ሕግ አዋቂም ይዛችሁ ሂዱ። ግድግዳውን አንኳኩ፣ ካርታውን መርምሩ፣ ተከራከሩም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ማታ ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ነገር ተጠያየቁ። እኛ የምናውቀውን ሻጭዋ ቢያውቁ ኖሮ በዚህ ዋጋ ይስማሙ ነበር? መልሱ "አይስማሙም" ከሆነ፣ ጠዋት ተነሥታችሁ ወደ ቤታቸው ሂዱና ንገሯቸው። ልጆቻችሁም አብረዋችሁ ይሂዱ፤ አሮጌውን ግድግዳ አፍርሳችሁ አዲስ ብትሠሩም ያችን ጠዋት አይረሷትም።

አላህ ሐቅ የሌለበት፣ በረካ ያለበት ቤት ይስጠን። አሚን።