የመኪና ክብደትና የባልንጀራ ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የሚገኝ አንድ የወንጌላውያን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር «ኢየሱስ ቢሆን ምን ይነዳ ነበር?» የሚል ዘመቻ በጀመረ ጊዜ፣ የተሳለቁበት ብዙ ቢሆኑም፣ የመኪና ምርጫ በኅሊና ፊት የሚመዘን ጉዳይ መሆኑን በትክክል አመልክቷል። የዘመቻው ትኩረት የነዳጅ ፍጆታና የአየር ብክለት ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ የተሠራን ትልቅ ኤስዩቪ ከዘመን አቻው የቤተሰብ አውቶሞቢል ጋር ለሚያነጻጽር ወላጅ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የልጆችን ደኅንነት በሌላ ሰው ልጆች ጉዳት መግዛት ይገባል ወይ የሚል ነው።

ወደ 2,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን የዚያ ዘመን ሼቭሮሌት ሰበርባንና ወደ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቶዮታ ካምሪ፣ እያንዳንዳቸው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ፊት ለፊት ተጋጭተው ቢጣበቁ፣ በሞመንተም ማለትም ክብደት በፍጥነት ሲባዛ በሚገኘው የእንቅስቃሴ መጠን ሕግ መሠረት የሰበርባኑ ፍጥነት በ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲለወጥ የካምሪው በ75 ይለወጣል፤ የሰውን አካል የሚሰብረውም ይህ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ትርፍ ክብደት እንግዲህ አደጋውን ከአንዱ ቤተሰብ አንሥቶ በሌላው ላይ ይጭናል። አምራቾች የትልልቅ መኪኖችን የፊት አካል ከአውቶሞቢሎች መከላከያ ቁመት ጋር ለማስተካከል ቃል የገቡት በ2003 በመሆኑ፣ አሮጌው ኤስዩቪ በዚህ ረገድ ከአዲሱ የከፋ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሯ ሚሼል ዋይትም በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የትልልቅ መኪና ተሳፋሪዎች በሚያመልጡት በእያንዳንዱ ገዳይ አደጋ ምትክ ቢያንስ 4.3 ገዳይ አደጋዎች በሌሎች ላይ እንደሚደርሱ ገምተዋል።

ለትልቁ መኪና ገዢ ጠንካራውን መከራከሪያ የሚሰጠው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሥነ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኳይናስ ስለ ራስ መከላከል የጻፈው ትምህርት ነው። በኋላ «የድርብ ውጤት መርሕ» በተባለው በዚህ አስተሳሰብ፣ አንድ ሥራ የታሰበ በጎ ውጤትና ያልታሰበ ጉዳት አብረው ሊኖሩት ይችላሉ፤ ሠሪውም ጉዳቱን እስካልፈለገና ኃይሉ ከተገቢው መጠን እስካላለፈ ድረስ አይወቀስም። ልጁን ለመጠበቅ ከባድ መኪና የሚገዛ አባት ማንንም መጉዳት እንደማይሻ አያጠራጥርም። ነገር ግን አኳይናስ የሚናገረው ሊገድል ስለመጣ አጥቂ ነው፤ በካምሪው ውስጥ የተቀመጠችው እናት ግን በማንም ላይ አልተነሣችም፤ መርሑን በእርሷ ላይ መጥቀስ ንጹሑን መንገደኛ በጠላት ቦታ ማቆም ነው። ፈላስፋው ካንት እንደሚጠይቀው ምርጫው ለሁሉም ሕግ ይሁን ቢባል ደግሞ፣ ሁሉም እኩል ከባድ መኪና ሲነዳ ከሌላው በመክበድ የተገኘው ብልጫ ይጠፋል።

ጥበቃው ለባለቤቱም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ የስበት ማዕከሉ ከፍ ያለው አሮጌ ኤስዩቪ በቀላሉ ይገለበጣል፣ መንሸራተትን የሚገታው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያም በአሜሪካ በሁሉም አዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። ብዙ ልጆች ያሉት ወይም በበረዷማ ተራራ የሚኖር ቤተሰብ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ በከተማ አውራ ጎዳና ብቻውን የሚመላለስ ሰው ግን የለውም፤ በቂ ምክንያት ያለውም ቢሆን ፍጥነቱን የመቀነስና ርቀቱን የመጠበቅ ግዴታው ከአውቶሞቢል ነጂው ይበልጣል።