ፍቅርና መስፈሪያ በጎረቤታሞች አገሮች መካከል

ጎረቤታሞች አገሮች በመንገድ፥ በገበያና በገንዘብ ይተባበሩ የሚለው ሐሳብ መነገር ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆነው። የኢጋድ መሠረት በ1978 ዓ.ም. ተጣለ፤ የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣና ውልም በ2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ተፈረመ። ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ መመርመር የመንግሥት ባለሙያዎች ሥራ ነው። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን የሁላችን ነው፤ ይኸውም፥ ወንድም ለወንድሙ በቁና ሊሰፍርለት፥ ሒሳብም ሊጽፍበት ይገባዋልን? ወይስ ፍቅር ካለ መስፈሪያው ትርፍ ነውን? ብዙ ሰዎች ፍቅር ይቅደም፥ ደንቡ ኋላ ይደርሳል ይላሉ። ንግግሩ ያማረ ነው፤ የቡና አገር ሰው ግን ይህን ለመቀበል መቸኰል የለበትም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከጊቤ ማዶ ጅማ፥ ሊሙ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ የሚባሉ አምስት መንግሥታት ነበሩ። እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር፤ ድንበራቸውም በቦይና በአጥር የተከለለ፥ በሩም በኬላ ጠባቂ የተያዘ ነበር። ሆኖም ሲራራ ነጋዴው ቀረጡን ከፍሎ ያልፋል። የዛሬዪቱ ጅማ ከተማ በተመሠረተችበት በሂርማታ ገበያ፥ ከአፋር ምድር የተቈረጠ አሞሌና ከኦስትሪያ የመጣ ጠገራ ብር ይገናኙ ነበር። ነጋዴውም ጠገራውን የሚቀበለው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ቈጥሮ ነው። ማርያ ቴሬዛ ማን እንደ ነበረች የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ነጥቧን የማይቈጥር ግን አልነበረም። እንግዲህ ፍቅር ያልነበራቸው መንግሥታት በመስፈሪያ ተገናኙ። ይህን ማለቴ ያን ዘመን ለማመስገን አይደለም፤ በዚያው ኬላ፥ በዚያው ቀረጥ ሰውም ተሽጦ ያልፍ ነበርና። መስፈሪያም የሚሰፈርበት ነገር ምን እንደ ሆነ ካልተጠየቀ ጽድቅ አይሆንም።

ፍቅር ያላቸውስ ምን ሆኑ ቢሉ፥ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን ከቻለች በኋላ ከኢትዮጵያ ጋራ የነበራት ነገር ይታይ። ቅዳሴው አንድ፥ ጾሙ አንድ፥ ጋብቻው የተሳሰረ፥ ብሩ እንኳ አንድ ነበር። መሪዎቹም በአንድ ጠላት ላይ አብረው የተዋጉ ነበሩ። ውል አልጠፋም፤ በየጊዜው ተቀምጦ የሚተሳሰብ ግን ጠፋ። ነጋዴዎች «እንደ ወንድም እንብላ፥ እንደ ባዳ እንተሳሰብ» የሚሉት በመንግሥታቱ ዘንድ ቦታ አላገኘም። የእኛን ቡና በብር እየገዙ ለውጭ አገር በዶላር ይሸጡታል የሚል ቅሬታ በኢትዮጵያ በኩል ተሰማ። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ባወጣች ጊዜ፥ ኢትዮጵያ ታላቁ ንግድ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች፤ ይህም በወዲያ በኩል እንደ ማነቆ ተቈጠረ። በዚያው ዓመት በግንቦት በባድመ ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱን ምክንያት በቡናና በገንዘብ ብቻ የሚፈታ ይሳሳታል፤ የድንበርም የክብርም ነገር አለበትና። ነገር ግን ሳይነጋገሩበት የተከማቸ የቤተ ዘመድ ሒሳብ ከባዳ ዕዳ ይልቅ እንደሚመር ያን ጊዜ ታየ። የአልጀርስ ውል በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አለቁ።

በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላንበሳ በር ሲከፈት ሕዝቡ እያለቀሰ ተቃቀፈ፤ ዕቃውም የቀረጥና የምንዛሪ ደንብ ሳይጻፍለት ጐረፈ። በታኅሣሥ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። እንባው ግን እውነተኛ ነበር፤ ይህም ነው የሚያሳዝነው።

መንፈሳዊ ሰው ይህን ሰምቶ ፍቅር ቍጥር አያውቅም ይል ይሆናል። በሐዋርያት ዘመን ምእመናን ገንዘባቸውን አንድ አድርገው ሲኖሩ፥ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው በየዕለቱ ማዕድ ስለ ተዘነጉ አጕረመረሙ። ሐዋርያትም ተፋቀሩ ብለው ብቻ አላሰናበቷቸውም፤ ማዕዱን የሚያከፋፍሉ ሰባት ዲያቆናት ሾሙ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ለሰማዕትነት ከመድረሱ አስቀድሞ የተሾመው ለዚህ ሥራ ነው። ያዕቆብና ላባም ሳይተማመኑ ድንጋይ ከመሩ፤ አንዱ ወደ አንዱ ለክፋት እንዳያልፍ ተማማሉ፤ በዚያው ክምር አጠገብ እንጀራ በሉ። ወንድማማችነት ወርቅ ነው፤ ቀረጥ፥ ምንዛሪና ውል ሰም ናቸው። ሰሙን ንቆ ወርቁን ላፍስስ የሚል የቅኔ ተማሪ ግን ከመምህሩ ምን እንደሚጠብቀው አንባቢ ያውቃል።

በእኛ በኩል የተሻለ ምሳሌ አለ። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው መስመር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ወደ ኬንያ ያደርሳል፤ የጊቤና የኦሞ ውሃ ኃይል ከሌሎች ወንዞች ኃይል ጋራ ተደባልቆ በዚያ ይሄዳል። ማንም ማንንም ሳያቅፍ በቈጣሪ ይሸጣል፥ በቈጣሪም ይገዛል። በሞያሌም በ2013 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኬላ ከፈቱ። ስለ ጎረቤታሞች አንድነት ተስፋ የማደርገው ከእነዚህ እንጂ ከትልልቆቹ ጉባኤዎች አይደለም።

ሆኖም የመበለቶቹ ማጕረምረም ይታሰበኛል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ ሲገደብ፥ በሸለቆው ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች እርሻቸውን ለቀው ተነሥተዋል። በሶዶና በሱስዋ ቈጣሪው ሲነበብ፥ ከኬንያም የሚመጣው ገንዘብ ሲመዘገብ፥ የእነዚያ ሰዎች ድርሻ በየትኛው መስመር ይጻፍ ይሆን?