እጅ ይዞ ማስተማር፦ ኦቲዝም ስላለባቸው ሕፃናትና ስለ ወላጆቻቸው



ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 8 ስለ ቤተ ሳይዳው ዕውር የሚተርከው ታሪክ ከሌሎቹ ተአምራት የሚለይበት ነገር አለው። ጌታችን በአንድ ቃል መፈወስ ሲችል፣ የሰውዬውን እጅ ይዞ ከመንደሩ ሁካታ አወጣው፤ ዓይኖቹን ዳሰሰ፤ ምን እንደሚያይም ጠየቀው። ሰውዬው ሰዎች የሚራመዱ ዛፎች መስለው እንደሚታዩት ሲናገር ጌታ አልተቆጣውም፤ እጁን ዳግመኛ ጫነበት፤ ያን ጊዜ አጥርቶ አየ። ፈውሱ በሁለት እርከን መጣ። ይህን ምንባብ ያነሣነው በየቁምስናችን አካባቢ ስለሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ግን እምብዛም ስለማናያቸው ሕፃናት ለመነጋገር ነው።

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ሕፃኑ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የሚፈልገውን በጣቱ አያመለክትም፤ አፉን ዘግይቶ ይፈታል ወይም ጨርሶ አይናገርም፤ አንድን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ያደርጋል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይጮኻል። ለእኛ ደስ የሚያሰኘን የከበሮና የጸናጽል ድምፅ ለእርሱ ሥቃይ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ከእኩዮቹ ቀድሞ ፊደል ሲለይ ሌላው በ10 ዓመቱም ብቻውን መልበስ ያቅተዋል። ሊዮ ካነር የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ 11 ሕፃናትን ተከታትለው ስለዚህ ሁኔታ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ሕፃናቱ ግን ስም ከማግኘታቸው በፊትም በየመንደሩ ነበሩ።

እናቶቻቸው ወዴት አሉ? አንዲት እናት እንዲህ ያለ ልጅ ይዛ ለቅዳሴ ስትመጣ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ ይጮኻል፤ ሰዉ ሁሉ ይዞራል፤ አንዱ በዓይኑ፣ ሌላው በአፉ ውጪ ይላታል። በሚቀጥለው እሑድ ከቤት ትቀራለች። ከዚያም እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል፤ በሩ ይዘጋበታል፤ አንዳንዴም ይታሰራል። ጎረቤት ቡዳ በልቶት ነው፣ እርግማን ነው፣ እናቲቱ የሠራችው ነገር ቢኖር ነው ይላል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጌታን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም ሳይቀበል ወደ ሥራው አለፈ (ዮሐ. 9)።

ይህ ወቀሳ የእኛ አገር ብቻ አይምሰለን። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ያሳተሙት መጽሐፍ የኦቲዝምን ምክንያት በወላጆች፣ ይልቁንም በእናቶች የፍቅር ጉድለት ላይ ጥሎ ነበር። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ የሥነ ልቦና ባለሙያውና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበሩት በርናርድ ሪምላንድ ነገሩ ከአካል ተፈጥሮ እንደሚመነጭ ጽፈው ነበር። የኋለኛው ምርምር የደገፈው እርሳቸውን ነው። የተማረው ዓለም እንኳ እናትን መወንጀል ይቀናው እንደነበር ስናስብ፣ ለጎረቤቶቻችን ንግግር ትዕግሥት ማድረግ ይቻላል፤ ንግግሩን መድገም ግን አይገባም።

በአገራችን ይህን ዝምታ በአደባባይ ከሰበሩት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይገኛሉ። እርሳቸው ሐኪም አልነበሩም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ከአሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ ልጆቹ በድምፅና በፊደል እንዲማሩም አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ዘዴ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም በእርሳቸው ምክንያት ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ አውጥተዋል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በጣና ዳር ወይም በሰከላ ገጠር ለምትኖር እናት ማዕከሉ ያለው በገዛ ቤቷ ነው።

ይህን የምንለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ላሉ፣ የዕድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን ልዩ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ሰዎችም ሊሰጡት ይችላሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ባለሙያዎች ከአገራችን ሁኔታ ጋር አስማምተው ሞክረውታል፤ የሙከራው ጽሑፍም እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ባለሙያ ልጁን በሳምንት አንድ ሰዓት ቢያየው ነው፤ እናትና አባት ግን ሲያለብሱት፣ ሲያበሉት፣ ሲያጥቡት ቀኑን ሙሉ ከእርሱ ጋር ናቸው፤ ስለዚህ ትምህርቱ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ይግባ።

እንዴት? ዳቦን እንውሰድ። እናት ለዝምተኛው ልጇ ቁራሹን በሙሉ ከመስጠት ይልቅ ጥቂት ትቆርስለታለች፤ ከዓይኑ ትይዩ ዝቅ ብላ ቀሪውን ታሳየዋለች፤ ትጠብቃለች። ልጁ ቢያይ ወይም እጁን ቢዘረጋ፣ ያው ልመናው ነውና፣ ዳቦ ብላ ወዲያውኑ ትሰጠዋለች። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ አንድ ቃል ይበቃል። እጅ መታጠብም እንዲሁ ነው። ለእኛ አንድ ሥራ ይመስለናል እንጂ ወደ ማስታጠቢያው መቅረብ፣ እጅጌ መሰብሰብ፣ እጅ መዘርጋት፣ ሳሙና ማሸት፣ መለቅለቅ፣ ማድረቅ ነው። ልጁ ዛሬ እጁን ብቻ ቢዘረጋ ይመስገን፤ የቀረውን እጁን ይዘው ያድርጉለት። ቡና ሲፈላም ሥርዓቱ አይለወጥምና ለውጥ ለሚያስጨንቀው ልጅ ይመቻል፤ ቄጠማውን እርሱ ይጎዝጉዝ።

ሲጮኽና ራሱን ሲመታስ? ሁለት ጥያቄዎች ይቅደሙ፦ ከመጮኹ በፊት ምን ሆነ? ከጮኸ በኋላስ ምን አገኘ? ጸጉሩ ሲበጠር የሚጮኽና በጩኸቱ የሚገላገል ልጅ ጩኸትን ቋንቋው አድርጎታል። ስለዚህ ሌላ ቋንቋ ይሰጠው፤ እጁን አንሥቶ በቃ እንዲል ይማር፤ በቃ ሲልም ማበጠሪያው በእርግጥ ይቁም። ልምጭ ግን ቦታ የለውም። በአሜሪካ ይህን ዓይነት ትምህርት ካስፋፉት አንዱ የሆኑት ኢቫር ሎቫስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጥፊ ሳይቀር ይቀጡ ነበር፤ ይህም በኋላ ተወግዟል። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ራሳቸው እንደሚያስረዱን፣ ማንንም የማይጎዳ የእጅ ማወናጨፍን ለማስተው ልጅን ማስጨነቅ ጥቅም የለውም። ዓላማው ችግሩን የሚገልጽበትና ራሱን የሚረዳበት መንገድ እንዲያገኝ ነው። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ እናውቃለን የሚሉ ነጋዴዎች ቢመጡ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ልጆቻቸውን ወደ ግሽ ዓባይ ጸበል የሚወስዱ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጸሎትን የሚነቅፍ ቃል ከእኛ አይወጣም፤ ማርቆስ በምዕራፍ 9 የሚጠቅሰው አባትም ልጁን ወደ ጌታ ያመጣው በእምነትና በጥርጣሬ መካከል ሆኖ ነበር። ሆኖም የሚፈራን ሕፃን በግድ መንከር ወይም ማሰር ጸሎት አይባልም። ከጸበል የተመለሰ ልጅም በማግሥቱ ቁርሱን ይፈልጋል፤ የዳቦው ትምህርት ከዚያው ይቀጥላል።

እናት ይህን ሁሉ ብቻዋን ትሸከም ማለታችን አይደለም። አባቶች ሆይ፣ ልጁ የእናንተም ነው። በቁምስና ማኅበር ያላችሁ እህቶች ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት ሌሎቹን ልጆች ብትይዙላት፣ ከብዙ ምክር ይሻላታል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ነፍሳቸውን ይማርና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በኅዳር ወር እ.ኤ.አ. 2014 በቫቲካን ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎችና ቤተሰቦቻቸውን ተቀብለው መገለልን እንድናፈርስ አደራ ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያም አካል ጉዳተኞች ምሥጢራትን እንዳይከለከሉ ያሳስባል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣላችሁ ከበሩ አጠገብ፣ ከከበሮው ራቅ ያለ ቦታ ስጡት፤ ሲጨንቀው ይውጣ፣ ሲረጋጋ ይመለስ። የመጀመሪያው ትምህርቱም የመስቀል ምልክት ይሁን። እናቱ ከኋላው ቆማ እጁን ይዛ ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ግራ ትከሻው ትውሰደው፤ ወደ ቀኝ ሊያልፍ ሲል ትልቀቀው፤ የመጨረሻውን ብቻውን ይፈጽም፤ በፈጸመም ጊዜ ደስ ይበላችሁ፣ ያም ይታየው። ይህን ሲለምድ ከግራ ትከሻው ላይ ትልቀቀው፤ ቀጥሎም ከደረቱ ላይ። ወራት ይፈጅ ይሆናል። ግንባሩን በራሱ እጅ እስኪነካ ድረስ ሌላ ትምህርት አትጨምሩበት።