ስለ ጽናት

አንድ ሥራ ለመጀመር ብርታት የሚያንሰው ሰው ጥቂት ነው። ቤት ሊሠራ መሠረት የሚቈፍር፣ ሊማር ደብተር የሚገዛ፣ መጽሐፍ ሊጽፍ ብዕር የሚያነሣ በያገሩ ሞልቷል። የመጀመሪያው ቀን ደስታ ራሱ ጕልበት ስለሚሆን፣ በዚያ ቀን ሰነፍና ትጉህ አይለዩም። የሚለዩት ደስታው ካለፈ በኋላ፣ ፍሬው ገና ሳይታይ፣ በመካከል ባለው ረዥም ዘመን ነው። እኛም ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ የመካከሉን ዘመን ነው። ሰው በዚያ ጸንቶ እንዲቈም የሚያደርገው ምንድን ነው? ጽናትስ ሁልጊዜ የሚመሰገን ጠባይ ነውን?

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ብዙዎቻችን ይህን ተረት የምንሰማው ጊዜ ብቻውን ሥራውን የሚፈጽምልን አስመስለን ነው። ነገር ግን እንቍላል በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ጊዜ ያበላሸዋል እንጂ እግር አያወጣለትም። ለእንቍላሉ እግር የሰጠችው 21 ቀን ሙሉ ከላዩ ያልተነሣችው ዶሮ ናት። እንግዲህ መጠበቅና መጽናት አንድ አይደሉም። የሚጠብቅ ሰው ጊዜውን ያሳልፋል፤ የሚጸና ሰው ግን ጊዜውን ይሠራበታል።

ቃሉንም ብንመረምር ሌላ ነገር እናገኛለን። በቋንቋችን መንግሥት ይጸናል፣ ሃይማኖት ይጸናል፤ ሕመምም በሰው ላይ ይጸናል። ስለዚህ ቃሉ ብርታትን ይነግረናል እንጂ ብርታቱ ለመልካም ይሁን ለክፉ አይነግረንም። ይህን የሚለየው የሰው አእምሮ ነው።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለውን ደጋ የሚያውቅ ሰው የገበሬውን ኑሮ ያስታውሳል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ገብሱ አሽቶ ሳለ ውርጭ በአንድ ሌሊት ሊያቃጥለው ይችላል። በዚሁ አገር ገበሬው ጓይ የሚሉት ልማድ ነበረው። ውሃ የሚተኛበትን የሣር መሬት አርሶ፣ አፈሩን ከምሮ ያቃጥለዋል። የተቃጠለውም አፈር ለጥቂት ጊዜ መልካም ገብስ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ስለሚደክም ብዙ ዓመት ጦም ያድራል። ገበሬውን በዚህ አንነቅፈውም፤ ረኃብ ከደጁ የቆመበት ሰው የሩቁን ዘመን ለማሰብ ፋታ የለውም። ነገር ግን እኛ ያ ችግር ሳይኖርብን ጓይ የምናቃጥልበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንድ ሳምንት ሌሊቱን ሁሉ ስናነብ አድረን፣ ከዚያ መጽሐፉን ለዓመት የምንዘጋው እኛ አይደለንምን?

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ሥራ ለማየት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር እንለፍ። ከአንኮበር አገር የወጡት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝን ቋንቋ በመዝገበ ቃላት ለመሰብሰብ ሥራ ጀመሩ። እኒህ ሊቅ ወደ ሮማ ተሻግረው ኢኛሲዮ ጕይዲ የተባለውን የኢጣልያ ሊቅ አማርኛ በማስተማር፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ለታተመው የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ረዳት ሆነውታል። የራሳቸውን የግእዝ መዝገብ ግን ታትሞ ሳያዩ ዐረፉ። ሥራውን የተቀበሉት በኢየሩሳሌም ሳሉ የተማሩባቸው የሸዋው ተወላጅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ላይ አዋሉት። ዘመን ተለወጠ፣ ነገሥታት ዐለፉ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጠላት ወረራ በመካከል መጣ። እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. እንደ መምህራቸው መጽሐፉን ታትሞ ሳያዩ ዐረፉ። ሦስተኛው ሰው ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው፣ ከ12 ዓመት በኋላ በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ ለኅትመት አበቁት። አለቃ ደስታ በዚህ አላበቁም፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳትመዋል። ዛሬ የአንድ ቃል ምንጭ የጠፋው ተማሪ እነዚህን መጻሕፍት ይገልጣል፤ በሚያነበው በአንድ መስመር ውስጥ የሦስት ሰዎች ዕድሜ እንዳለ ግን አያስብም።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ፍሬውን ለማያይ ሰው መጽናት ምን ይጠቅመዋል? ጽናት የዋጋ ተስፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱ ሊቃውንት እንደ ተሸነፉ በተቈጠረ ነበር። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን፤ የረዥም ዘመን ሥራ የጀመረ ሰው ዋጋውን የሚያገኘው በመጨረሻው ቀን ብቻ አይደለም። ዛሬ ያቃናት አንዲት ቃል ዛሬውኑ ቀንታለች። ነገ ቢሞት እንኳ የዛሬዋ ቃል ተመልሳ አትጠምም። ስለዚህ የሚጸና ሰው የሩቁን ዓላማ እያየ፣ እጁን በቅርቡ ሥራ ላይ ያኖራል።

ደግሞም ጽናት ከግትርነት የተለየ ነው። ግትር ሰው መንገዱን ያመልካል፤ ጽኑ ሰው ዓላማውን ይጠብቃል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የምድር ባቡሩ ታሪክ ነው። በደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ፈቀዱ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን የኩባንያው ገንዘብ አልቆ ሥራው ለብዙ ዓመታት ቆመ። ያን ጊዜ አሮጌው ውል ቀርቶ በ1900 ዓ.ም. ሌላ ውል ተደረገ፤ ዓላማው ሳይለወጥ መንገዱ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

ከዚህ ሁሉ ለራሳችን የምንወስደው ምክር ሦስት ነው። አንደኛው፣ ዓላማውን ከመያዛችን በፊት መመዘን ነው፤ ለማይረባ ነገር መጽናት ዕድሜን ማባከን ነውና። ሁለተኛው፣ ለየዕለቱ የሚበቃ ትንሽ ድርሻ መለየት ነው፤ በሙቀት ጊዜ የማይበዛ፣ በድካም ጊዜም የማይቀር ድርሻ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ሥራችንን ሌላ ሰው ሊቀበለው በሚችል መልክ ማኖርና ተቀባዩን ማስተማር ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ደቀ መዝሙር ባያፈሩ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ድካም በሣጥን ውስጥ የብል ምግብ በሆነ ነበር።

እኛም ይህን ስንጽፍ በየሣጥናችን ያለውን ሳይፈጸም የቀረ ጽሑፍ አስታውሰን አፍረናል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን መጽሔት አጥፈህ ከማስቀመጥህ በፊት፣ ሳትፈጽም የተውኸውን አንድ መልካም ሥራ አስብ። ሁሉን ዛሬ ጨርስ አንልህም፤ ካቆምህበት ገጽ ላይ አንዲት መስመር ጨምርበት፤ ነገም እንዲሁ አድርግ።