ሁለት እሬቻዎች እና አንዲት በትር

ከሮቤ ተነስቶ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር የሚወርድ እንግዳ ልቡ ዋሻው ላይ ነው። ወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ መተላለፊያ አበጅቶበታል፤ ሼህ ሶፍ ዑመርም ተጠልለው ይጸልዩበት ነበር ይባላል። በአካባቢው ባለ የአርሲ ኦሮሞ ቤት የምትገኘውን ቀጭን በትር ግን ዞር ብሎ የሚያያት ጎብኚ ጥቂት ነው። ሲንቄ ትባላለች፤ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት።

ጎሳና ጎሳ ጦር ሲማዘዝ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሀል ከገቡ ወንዱ ይቆማል። አራስ ሚስቱን የመታ ባልም ጉዱ ነው፤ ሚስት በትሯን ይዛ እሪ ትላለች፣ የሰሙ ጎረቤቶቿ ሊጡንም ከብቱንም ጥለው ይከተሏታል፣ ሽማግሌ ገብቶ ጥፋተኛው እስኪቀጣ ድረስም ወደየቤታቸው አይመለሱም። በትሯ ማንንም አትመታም። የምትፈራው የጣሳት ሰው ሳይጠየቅ ስለማይቀር ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ፖሊስ ተኩስ ሲወራ ክርክሩ ማን ይጠየቅ ከማለት ይልቅ ቶሎ ወደ ዕቃ ግዢ ስለሚዞር ነው። ከጥይት ይልቅ አስለቃሽ ጭስ፣ የጎማ ጥይት፣ ውሃ የሚረጭ መኪና ይባላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የኃይል አጠቃቀም መርህም መንግሥታት ለፖሊሶቻቸው ገዳይ ያልሆነ መሣሪያ፣ ጋሻና የራስ ቁር እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። የቢሾፍቱን ነገር ያየ ሰው ግን በዚህ ብቻ አይረካም።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የእሬቻ በዓል፣ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር። ሕዝቡ የመጣው ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ክረምቱን ላሳለፈው ፈጣሪ ምስጋና ሊያቀርብ ነው። በኦሮሚያ ተቃውሞው ከተቀጣጠለ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ወጣቶች እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ይጮኻሉ፤ አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክሮፎኑን ያዘና መንግሥትን የሚቃወም መፈክር አሰማ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። የተኩስ ድምፅም ተሰማ። ሰዉ ዓይኑን ይዞ ሲሮጥ ከመድረኩ አቅራቢያ ጥልቅ ቦይ ነበር፤ የፊተኛው ወደቀ፣ የኋለኛው በላዩ ተከመረ። መንግሥት 55 ሰው ሞተ አለ፤ ተቃዋሚዎች ቁጥሩን በመቶዎች አደረሱት። መንግሥት ጥይት አልተተኮሰም ሲል ሂዩማን ራይትስ ዎች በዓመቱ ባወጣው ሪፖርት ተተኩሷል አለ።

ለክርክሩ ያህል ጥይቱን እንተወው። ጭሱ ብቻውን፣ መውጫ በጠበበበትና ቦይ በተቆፈረበት ቦታ፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 አክራ ስታዲየም ውስጥ የጋና ፖሊስ ወንበር የሚወረውሩ ደጋፊዎችን ለመበተን ጭስ ሲተኩስ 126 ሰው ተረጋግጦና ታፍኖ አልቋል። ካርቶኑ ላይ «ገዳይ ያልሆነ» ተብሎ መጻፉ ቦዩን አይደፍነውም።

በዓመቱ፣ መስከረም 21 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው ሆራ አርሰዲ ዳር እሬቻ ተከበረ። ከዚያ በፊት የክልሉ መንግሥት የታጠቀ ኃይል ወደ በዓሉ ቦታ እንዳይገባ ወሰነ፤ ሥርዓት ማስከበሩን በአባ ገዳዎች ሥር ያሉና መሣሪያ ያልያዙ ፎሌዎች ያዙት። ሕዝቡ ዝም አላለም። ያው መፈክር፣ ያው የተጣመረ እጅ፣ መድረክ ላይ የወጣም ነበር። ሰዉ ጮኸ፣ ደከመው፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ቦታው ያው፣ ቁጣው ያው፤ የተለየው ለጩኸቱ የተሰጠው መልስ ነው። ለእኔ ከማንኛውም የሥልጠና ሰነድ በላይ የሚያስተምረው የእነዚህ ሁለት ቀናት ልዩነት ነው። በፖሊስ ማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ጎን ለጎን ቢነበቡ ደስ ይለኛል።

ግን ፎሌ ሁሉንም አይመልስም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በአርሲ፣ በምዕራብ አርሲና በባሌ ሰው በማንነቱ እየተለየ ተገደለ፣ ቤቱ ተቃጠለ። ዱላና ገጀራ የያዘ ሰው ጎረቤቱን ሲያሳድድ የታጠቀ ፖሊስ የግድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ያወጣውን ምርመራ ያነበበ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ እንደነበር ያያል። ተጎጂዎች የድረሱልን ጥሪ ሲያሰሙ በየቦታው ያገኙት መልስ ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም የሚል ነበር። በሌላ ቦታ ደግሞ ጥይቱ ጭንቅላት፣ ደረትና ጀርባ አገኘ። ከሞቱት 123 ሰዎች 76ቱን የገደለው የጸጥታ ኃይል ነው፤ ከእነሱ ውስጥ በጓሮው የቆመ፣ ለማስታረቅ የወጣ ሽማግሌ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ይገኛሉ። ጀርባውን የተመታ ሰው እየሸሸ ነበር። ለሚሸሽ ሰው የጎማ ጥይትም አያስፈልገውም።

ታዲያ ማን ይጠየቅ? እዚህ ላይ ታሪካችን አያኮራም። ሰኔ 1997 እና ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተተኮሰውን እንዲያጣራ ፓርላማው ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። ኃይሉ ተመጣጣኝ ነበር ወይ በሚለው ላይ አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ ስምንቱ ከመጠን ያለፈ ነው አሉ፣ ሁለቱ ተቃወሙ። ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጡ። በ1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር እንዳለ ይዞ፣ የተወሰደው እርምጃ ግን ተመጣጣኝ ነበር ይላል።