ማን ማንን ይሞክራል?

አዲስ ዳርት ይዞ ከሰሌዳው ፊት የቆመ ሰው ጥያቄው አጭር ነው፤ «ይሄኛው ከድሮው ይሻላል?» መልሱም ቅርብ ይመስላል፤ በዚህ ጨዋታ ያልተለካ ነገር የለምና። የሰሌዳው እምብርት ከወለሉ 1.73 ሜትር ከፍ ይላል። ወርዋሪው 2.37 ሜትር ርቆ ይቆማል። ነጥብን በሦስት የሚያባዛው ቀለበት 8 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ውጤቱም በቁጥር ይወጣል፤ ከ501 እየቀነሱ ዜሮ ላይ መድረስ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሁለት ዕቃ አወዳድሮ ብልጫውን መለየት የሚያቅት አይመስልም። እኔ ግን ሰው እንደሚያስበው አይቀልም ባይ ነኝ። ችግሩ ያለው ዳኛው ላይ ነው፤ ሁለቱን የሚያወዳድረው እጅ በውድድሩ መካከል ራሱ ይለወጣል።

ዕቃው የራሱ እውነት እንዳለው አልክድም። ዳርት ሹል ጫፍ፣ ጣት የሚይዘው ግንድ፣ ከኋላው ዘንግ፣ በዘንጉ መጨረሻም ክንፍ አለው። ድሮ ግንዱ ከናስ ይሠራ ነበር፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቱንግስተን የበዛበት ቅይጥ እየተካው መጣ። የቱንግስተን እፍጋት ከናስ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ 22 ግራም የሚመዝን የቱንግስተን ዳርት እኩያው ከሆነው የናስ ዳርት ይቀጥናል። ቅጥነቱ ለማማር አይደለም። 20 በሦስት በሚባዛበት ጠባብ ቦታ ወፋፍራም ዳርቶች ይገፋፋሉ፤ ቀጭኑ ግን ለተከታዩ ቦታ ይተውለታል። ሦስቱም እዚያ ካረፉ 180 ነው፤ በሦስት ውርወራ ከዚያ በላይ አይገኝም። ይህ ጥቅም ወርዋሪው ማንም ይሁን ማን አለ።

ከዚህ አልፎ ያለው «ጥሩነት» ግን ወደ ጣት ይሸሻል። ቀረብ ብለን እንየው። አውራ ጣትና አመልካች ጣት ግንዱን ይይዛሉ፣ መሀል ጣት ከሥር ይደግፋል። የድሮው ዳርት ሚዛኑ የሚያርፍበትን ቦታ ጣት ሳይፈልግ ያገኘዋል። አዲሱ ክብደቱ ትንሽ ወደ ፊት ያደላ ከሆነ፣ ጣት በለመደበት ሲያርፍ የሚይዘው ከሚዛኑ ኋላ ነው። በግንዱ ዙሪያ የተቀረጹት ቀለበቶች ሻከር ካሉ ደግሞ ዳርቱ ከጣት ለመላቀቅ ለቅጽበት ይዘገያል። ክንድ ወደ ፊት እየተዘረጋ ሳለ መዘግየት ማለት ወደ ታች መውረድ ማለት ነው። ወርዋሪው «ይሄማ ከበደኝ» ይላል። እጁ የሚወረውረው ገና የድሮውን እንደሆነ ልብ አይልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምሽት የሚለካው እንግድነትን ነው። በአዲሱ ዳርት ገና ከጅምሩ የተዋጣላቸው ሰዎችስ? እነሱም ቢሆኑ ብዙ አያስረዱም። ሰው አዲስ ዳርት የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ነገር አልሆን ሲለው ነው። ከክፉ ሳምንት በኋላ ደግሞ መካከለኛ ሳምንት ሊመጣ ይችላል፤ ዕቃ ቢቀየርም ባይቀየርም። የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማን የእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎች ዘንድ ያየው ስህተት ከዚህ ጋር አንድ ነው። አስተማሪዎቹ ተማሪን ሲቆጡት ይሻሻላል፣ ሲያመሰግኑት ይበላሻል ብለው ያምኑ ነበር። እውነቱ ግን እጅግ መጥፎ በረራም ሆነ እጅግ ጥሩ በረራ ወደ ወትሮው መጠን መመለሱ ነበር። አዲሱ ዳርት ሰውየው የወትሮ ችሎታውን ባገኘበት ቀን በቦታው በመገኘቱ ብቻ ይመሰገናል።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞሪስ ሜርሎ ፖንቲ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፉ የዓይነ ስውርን በትር እንደ ምሳሌ ያነሳል። በትሩን የለመደ ሰው በትሩን አይዳስስም፤ በበትሩ ጫፍ መንገዱን ይዳስሳል። በትሩ ዕቃነቱ ቀርቶ የአካሉ ጠርዝ ሆኗል። ይህን ወደ ዳርቱ ስናመጣው አጣብቂኙ ይገለጣል። አዲሱ ዳርት በጣት መካከል ጎልቶ እስከተሰማ ድረስ ልንፈርድበት እንችላለን፤ ግን ገና አናውቀውም። ባወቅነው ጊዜ ደግሞ መሰማቱን ያቆማል፤ ከእኛ ተለይቶ የሚቆምና የምንፈርድበት ነገር አይሆንም። መፍረድ የምንችልበት ጊዜና ማወቅ የምንችልበት ጊዜ አይገጣጠሙም።

አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቶ ወዲያው እንጀራ የሚጠብቅበት የለም። በጎመን ዘር ይታሻል፣ በእሳት ይሟሻል፤ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ቢጣበቁ ባለሙያዋ ምጣዱን አትኮንነውም። ልዩነቱ ምጣድ ሲሟሽ የሚለወጠው ምጣዱ መሆኑ ነው፤ የዘሩ ዘይት ሸክላው ውስጥ ይሰርጋል። ቱንግስተን ግን ምንም አይሰርግበትም። በዳርት የሚሟሸው እጅ ነው። አዲሱን ለመሞከር የፈለገ ሰው ሙከራው ከማለቁ በፊት እጁን አሳልፎ መስጠት አለበት፤ ማስረጃው እጅ ከተሰጠ በኋላ እንጂ ቀድሞ አይመጣም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። እንዲህ ከሆነ የማይለመድ ነገር የለም፤ ማንኛውም ዳርት ከተለመደ ጥሩ ነው ማለት አይደለም ወይ? አይደለም። ልማድ ብዙ ነገር ያቃናል፣ ሁሉን ግን አያቃናም፤ የሚያቃናውን ከማያቃናው ለመለየት ደግሞ ነጥብ አይበቃም። 20 የተቀመጠው በ5 እና በ1 መካከል ነው። ለጥቂት ከ20 ወደ ጎን የሳተ ዳርት እንደ ዕድሉ 1 ወይም 5 ያመጣል፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሳተው ግን 20ውን ይዞ ይቀራል። የስህተቱ መጠን እኩል ሆኖ ነጥቡ ይራራቃል። ስለዚህ መታየት ያለበት ቀዳዳው ነው። ሦስቱ ዳርቶች ተጠጋግተው፣ ግን ከዒላማው በታች ካረፉ እጅ የሚያርመው ስህተት ነው። ሦስቱ በሦስት አቅጣጫ ከተበተኑ፣ ከሳምንታት በኋላም መበተናቸውን ካልተዉ፣ እጁ ዳርቱን አልተቀበለውም።

ጉዳዩ ከዚህም ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የስታቲስቲክስ ጥናት ወርዋሪ የት ቢያነጣጥር ብዙ ነጥብ እንደሚያገኝ አስልቶ ነበር። ውርወራው ለማይበተንበት ሰው መልሱ የታወቀው ነው፤ 20 በሦስት የሚባዛበት ቦታ። መበተኑ እየጨመረ ሲሄድ ግን የተሻለው ዒላማ ወደ 19 ይዛወራል፤ ይበልጥ ለሚበተንበት ደግሞ ከእምብርቱ ትንሽ ወደ ግራ ይሆናል። ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዒላማውም ጭምር እጅን ሳያውቁ አይታወቅም ማለት ነው። ሲሴሮ ባቆየልን የስቶይኮች ምሳሌ የቀስተኛው ድርሻ አስተካክሎ ለማነጣጠር የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ነው፤ መምታቱ ከእሱ ውጭ ነው። ይህ ለሰው መጽናኛ ይሆናል፤ በቀስቱ ላይ ግን ፍርድ አይሰጥም። ቀስት የሚፈረድበት በአንድ መምታትም በአንድ መሳትም ሳይሆን ስህተቶቹ አንድ ላይ በሚሰጡት ቅርጽ ነው።

ሙከራው እንዳያልቅ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም። በየሳምንቱ ዳርት የሚቀያይር ሰው ጠንቃቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚያየው እጁን ነው፣ ሰሌዳውን አይደለም። እንግሊዛዊው ኤሪክ ብሪስቶው 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ተጫዋች ነበር። በ1980ዎቹ ግን ጣቱ ዳርቱን አልለቅ ብሎት ተቸገረ፤ ተጫዋቾች ይህን ችግር «ዳርታይቲስ» ይሉታል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ያሳየን ነገር አለ። መልቀቅ የሚሠራው ሳይታሰብ ሲሆን ነው፤ እያንዳንዱን መልቀቅ እንደ ጉዳይ የሚመረምር ሰው ይህን ጸጋ በገዛ ፈቃዱ ይጥላል።

«ግድ የለም፣ ካልተስማማኝ ወደ ድሮው እመለሳለሁ» የሚለው ማጽናኛም ግማሽ እውነት ነው። ድሮው በሳጥኑ ውስጥ እንደነበረ ይጠብቃል፤ የሚመለስለት እጅ ግን የሄደው እጅ አይደለም። አዲሱን ለአንድ ወር የወረወረ ሰው ድሮውን ሲያነሳ ይቀልበታል፣ ከፍ ብሎም ይሰካበታል። መመለሱም ሌላ ሙከራ ነው። አዲስ ሥራ ወይም አዲስ አገር «ልሞክረውና ልየው» የሚል ሰው የሚገጥመውም ይኸው ነው፤ ቢመለስም የሚመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሙከራ ገደብ ያለው ታማኝነት ቢሆን ይሻላል። በጊዜው ውስጥ እጅን ያለ ስስት መስጠት፣ ድሮውን ከዓይን ማራቅ፣ በየምሽቱ ፍርድ አለመስጠት። ጊዜው ስንት እንደሆነና አልሆነም የሚያሰኘው ምልክት ምን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ውርወራ በፊት መወሰን አለበት። ያን ገደብ የሚያኖረው ዛሬ ያለው እጅ ይሁን፤ ነገ የሚመጣው እጅ ለአዲሱ ማድላቱ አይቀርምና።