ወፍራም ሁሉ ሆዳም ነውን?

ራቅ ብሎ የከረመ ሰው ሲመለስ ዘመድ አዝማዱ «ተመችቶሃል፣ ወፍረሃል!» እያለ ይቀበለዋል። ቦርጭ በብዙ ቤት የጥጋብና የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን ሁለት ከሳሾች ተነሥተውበታል። ሐኪሙ የጤና ጠንቅ ነው ይለዋል። ሌላው ደግሞ ከጀርባው ስንፍናና ሆዳምነት አለ ብሎ ነፍስን ይከሳል። የሐኪሙ ክስ ማስረጃ ሞልቶታል። የሁለተኛው ግን ሲመረመር አይጸናም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት። መለኪያው ክብደትን በኪሎ ወስዶ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ቁጥር ማካፈል ነው። ውጤቱ ለአዋቂ ሰው 25 ከደረሰ ክብደቱ በዝቷል፤ 30 ከደረሰ ከልክ አልፏል። በተለይ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም። ወደ ደም በሚረጫቸው ንጥረ ነገሮች ኢንሱሊን ሥራውን በወጉ እንዳይሠራ ያውካል። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የጉበት ስብ በዚሁ በር ይገባሉ። በእንቅልፍ መሐል ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ጉልበት ሸክሙን መቻል ያቅተዋል። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ውፍረትን ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያይዞታል፤ የአንጀት፣ የማሕፀንና ካረጡ በኋላ የሚመጣ የጡት ካንሰር ከእነዚህ ይገኙበታል።

ነፍስን የሚከሰው ወገን ምስክር አድርጎ የሚጠራው ሃይማኖትን ነው። ምስክሮቹ ግን እርሱ የጠበቀውን አይናገሩም።

በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖሩት መነኩሴ ኢቫግሪዮስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲቆጥሩ ሆዳምነትን በመጀመሪያ አስቀመጡት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሮማው ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ሰው በምግብ የሚስትባቸውን አምስት መንገዶች ዘረዘሩ፦ ከሰዓቱ ቀድሞ መብላት፣ ውድ ምግብ ማሳደድ፣ በአሠራሩ መራቀቅ፣ መጠን ማብዛትና መስገብገብ። ከአምስቱ ስለ ብዛት የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። ስለ ወገብ ስፋት የሚናገር ጭራሽ የለም። በዚህ ሚዛን ወጡ አልጣመኝም ብሎ ቤተሰቡን የሚያምስ ቀጭን ሰው ጥፋተኛ ሆኖ፣ የቀረበላትን አመስግና የምትበላ ወፍራም ሴት ነፃ ልትወጣ ትችላለች። እስልምናም ቢሆን የሚያወግዘው በመብልና በመጠጥ ልክ ማለፍን ነው። ነቢዩ መሐመድ ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ስለማካፈል ያስተማሩትም የሚመለከተው ድርጊትን እንጂ የሰውነትን ቅርጽ አይደለም።

ሳይንሱ ደግሞ ከቅርጽ ወደ ጠባይ መፍረድን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1986 በዴንማርክ በጉዲፈቻ ባደጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። የልጆቹ ክብደት ከወለዷቸው እንጂ ከአሳደጓቸው ወላጆች ጋር ዝምድና አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1994 ከስብ ሕዋሳት ተነሥቶ «በቃ» የሚል መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርስ ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር የነበሩ የሁለት ዘመዳሞች ሕፃናት ነገር ይፋ ሆነ። የስምንት ዓመቷ ልጅ 86 ኪሎ፣ የሁለት ዓመቱ ልጅ 29 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። በሁለቱም ደም ውስጥ ሌፕቲን የለም ማለት ይቻላል፤ ረኃባቸው ማብቂያ አልነበረውም። ልጅቷ ሆርሞኑን በመርፌ መውሰድ ስትጀምር የምግብ ፍላጎቷ ሰከነ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ16 ኪሎ በላይ ቀነሰች። እንዲህ ያለው በሽታ እጅግ ብርቅ ነው፤ የአብዛኛውን ሰው ውፍረት አያስረዳም። ነገር ግን ስግብግብነት የሚመስለው ሁሉ ከክፉ ፈቃድ እንደማይመነጭ ያሳያል።

ለሐበሻ አንባቢ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሙሴና በኋላም እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሲገቡ አብዛኞቹ ቀጫጮች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን በሽታው ተስፋፋባቸው፤ ብዙዎችን ያገኛቸውም ገና ሳይወፍሩ ነው። እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን ላይ ሲወጡ ጨዋ፣ ሲወርዱ ሆዳም አልሆኑም። የተለወጠው ማዕዱና መንገዱ ነው፤ እንጀራና ሽሮ ለነጭ ዳቦና ለለስላሳ መጠጥ፣ የገጠሩ ዳገት ለአውቶቡስ ቦታቸውን ለቀቁ።

ታዲያ ፈቃድ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎችን አሳትፎ ነበር። ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በታገዙት ዘንድ በሽታው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ መድኃኒት በወሰዱት ዘንድ በ31 በመቶ። ሰዎቹ ግን «ራስህን ግዛ» ተብለው አልተሰናበቱም፤ እያንዳንዳቸው የሚከታተላቸው ባለሙያ ነበራቸው።

ጾምን የሠሩት አባቶችም ይህን ያውቁ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀናት ይጾማል፤ ግን ብቻውን አይጾምም። ቀኑን የሚወስነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ልኳንዳው ይዘጋል፣ የቤቱ ድስት ይለወጣል፣ ጎረቤቱም አብሮ ይጾማል። ፈቃድ የሚበረታው በእንዲህ ያለ ድጋፍ ነው። በእርግጥ ጾም ክብደት መቀነሻ ሆኖ አልተደነገገም። በዘይት በራሰ ፓስቲና ሳምቡሳ፣ በስኳር በተሞላ ሻይ የሚፈታ ጾም ሕጉን ሳይጥስ ሰውነትን ሊያወፍር ይችላል።

ስለዚህ ስለ ሆዳምነት የሚያስተምር ሰው ዓይኑን ከወፍራሙ ላይ ያንሣ፤ ተግሣጹ ለቀጭኑም ነውና። ውፍረቱን የሚሰድቡበት ሰው ሐኪም ቤት መሄድ ያፍራል፤ ስድቡ ለጤናውም ለነፍሱም አይበጅም። ወገቡ የሰፋ ሰው ደግሞ የማንንም ፍርድ ሳይጠብቅ የደም ግፊቱንና የስኳር መጠኑን ያስለካ። ሁለቱም ሕመሞች በጀመሩ ሰሞን ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳዩም።